አያታችሁን ላሚኔት አታድርጉት

ሚያዝያ በገባ ቁጥር ሱቄ ይጨናነቃል። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ፍሬም እሠራለሁ። የዘወትር እንጀራዬ የሠርግ ፎቶ፣ የምረቃ ፎቶና የቅዱሳን ሥዕል ነው። ሚያዝያ 27 ሲቃረብ ግን የልጅ ልጆች ይመጣሉ። በፌስታል ሜዳይ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ጎራዴ፣ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ይዘው። «አያቴ አርበኛ ነበር፤ ለበዓሉ ግድግዳ ላይ እንድሰቅለው አሳምርልኝ» ይላሉ። ሐሳባቸው ደስ ይለኛል። የሚያናድደኝ ወደ እኔ ከመምጣታቸው በፊት የሠሩት ሥራ ነው። ከሰማንያ ዓመት በላይ ሳጥን ውስጥ በሰላም የኖረ ዕቃ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ይበላሻል። ያውም በፍቅር።

ወረቀቱን ላሚኔት ማስደረግ

ከዚህ የምጀምረው ዘንድሮም ስላመጡልኝ ነው። አምና ተናገርኩ፤ ካቻምና ተናገርኩ። ኧረ ተው!

ላሚኔት ማለት ወረቀቱን በሁለት ፕላስቲክ መሀል አድርጎ በሙቀት ማጣበቅ ነው። ሙጫው ቀልጦ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል። ከዚያ በኋላ መመለሻ የለውም። ፕላስቲኩን ልላጥህ ብትሉት ፊደሉ አብሮ ይነሣል። ወረቀቱ እርጥበት ከነበረው ደግሞ እርጥበቱም አብሮ ታሸገ ማለት ነው። ለመታወቂያ ኮፒ፣ ለምግብ ቤት ሜኑ ጥሩ ነገር ነው። ለአርበኝነት ምስክር ወረቀት ግን ግንዘት ነው።

ከቢቸና በኩል የመጣ አንድ ልጅ አልረሳውም። የአያቱ ወረቀት ከመታጠፍ ብዛት አራት ቦታ ተገንጥሎ ነበር። ላሚኔት የሚያደርገው ሰው ቁርጥራጮቹን ደርድሮ ማሽኑ ውስጥ ሲከታቸው አንደኛው ተንሸራተተ። አያቱ ባላምባራስ ነበሩ። አሁን ወረቀቱ ላይ «ባላም» ከላይ፣ «ባራስ» ከታች ሆኖ ተጣብቋል። ግማሹ ማኅተም ግማሹን አይነካም። ልጁ «ጋሼ፣ ይስተካከላል?» አለኝ። አይስተካከልም። ሃያ ብር ይሁን ሠላሳ ከፍሎ ነው ያስበላሸው።

መጀመሪያ በደንብ ስካን አስደርጉት። ከዚያ ኮፒውን ከፈለጋችሁ ላሚኔት አድርጉት፣ ከፈለጋችሁ በወርቅ ፍሬም ስቀሉት፤ ዋናው ግን ይተኛ። ታጥፎ የኖረውን ወረቀት በንጹሕ ነጭ ወረቀት መሀል አድርጋችሁ ከባድ መጽሐፍ ጫኑበት። ቀናት ቢወስድ ይውሰድ። ካውያ አይነካውም። የተቀደደውንም በስኮች አትለጥፉ። ስኮቹ ከጊዜ በኋላ ይደርቅና ይወድቃል፤ ሙጫው ግን ቢጫ ሆኖ እዚያው ይቀራል።

ሜዳዩን በሎሚና በአመድ መፈተግ

ናስ ድስት አይደለም። ሎሚው አሲድ ነው፤ አመዱ ደግሞ እንደ ሸካራ አሸዋ ይፍቃል። የወርቅ ቅብ ያለው ሜዳይ ሁለት ጊዜ ከታጠበ ቅቡ የለም። በጥርስ ሳሙናም ያው ነው። የጠቆረው መልክ ዕድሜው ነው፤ ተዉት። በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ አቧራውን ጥረጉ፤ ይበቃል። ሪባኑን ደግሞ በኦሞ አትጠቡ፤ ቀለሙ ይለቃል። ሪባኑ ላይ ትንንሽ የዘንባባ ምልክቶች ካሉ ቁጠሩና ጻፉ። አንዱ ወድቆ ቢጠፋ ስንት እንደነበር የሚያውቅ ይኑር።

እዚህ ላይ የራሴንም ጉድ ልናገር። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የአንድ ሰው አያት ሜዳዮችን በሱፐር ግሉ ፍሬም ውስጥ አጣብቄያለሁ። ከጀርባቸው ጽሑፍ ይኑር አይኑር እንኳ ገልብጬ አላየሁም። ሰውዬው አመስግኖኝ ሄደ። ዛሬም መንገድ ላይ ሳገኘው ቶሎ ሰላም ብዬ አልፋለሁ። ሜዳይ የሚያዘው በክር ነው። ከጀርባ ያለው ጨርቅ ላይ ሪባኑን በመርፌ ሳትወጉ በክር አቅፋችሁ ስፉት። ሲያስፈልግ በመቀስ ጥቅ ይደረግና ይወጣል።

ጋሻውን ቅቤ መቀባት

ይህን ያደረግሁት በገዛ አያቴ ጋሻ ላይ ነው። ቆዳ ሲደርቅ ቅቤ ይወዳል ብዬ ግማሽ ኪሎ ለጋ ቅቤ አሸሁት። እናቴ አይታኝ «ምነው ልጄ፣ ልትበላው ነው?» አለች። ሐምሌ ነበር። ጳጉሜን ላይ ቤቱ ይሸት ጀመር። መስከረም ሲጠባ አይጥ አንዱን ጠርዝ ጨርሳዋለች። ፊት ለፊቱ ላይ ያለው ከፋይ ደግሞ ቅባቱን መጥጦ ጠቁሯል። እስካሁን እንደጠቆረ ነው።

ጋሻ የሚሠራበት ቆዳ እንደ ጫማ ቆዳ የለፋ አይደለም፤ ደርቆ የጠነከረ ነው። መድረቁ በሽታ አይደለም። ዝናር ላይ ደግሞ ቅባቱ የባሰ ነገር ያመጣል። ቀለሃው ናስ ስለሆነ ቅባት ከጠገበ ቆዳ ጋር ሲነካካ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል፤ ዝገቱም ቆዳውን ይበላል። ባዶዎቹን ቀለሃዎች አውጥታችሁ ለብቻ አስቀምጡ። ባዶ መሆኑን ያላወቃችሁትን ግን አትነካኩ። ያረጀ ጥይትና የእጅ ቦምብ ዕቃ አይደለም፤ ፖሊስ ጥሩ። ምንሽሩም ቢሆን የአያት ነው ተብሎ ከሕግ አያመልጥም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድ ይጠይቃል።

አያቶቻችን ጋሻውን ከምድጃው በላይ ግድግዳ ላይ ይሰቅሉት ነበር። ጥቀርሻ ይለብሳል፣ ያስጠላል፤ ብል ግን አይደፍረውም። እኛ አጥበን ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሰቀልነው። ቆርቆሮ ቤት ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይበርዳል፣ በክረምት ጠዋት ጣሪያው ያልባል። ወደ ጭስ ቤት መልሱት እያልኩ አይደለም። ከውጭው ግድግዳ አርቁት። ከመሬት ከፍ አድርጉት፤ ምስጥ አለ። ፌስታል ውስጥ አትክተቱት። አቡጀዲ ግዙ፤ ሳሙና ሳይነካው በሙቅ ውኃ አጥባችሁ አድርቁትና በእሱ ጠቅልሉት። አቡጀዲ አየር ያስገባል፤ ቀለምም የለውም።

ለምዱንና ጎፈሩን ብል ከያዘው ደግሞ የእህል የነቀዝ ኪኒን መኝታ ቤት ውስጥ እንዳታስቀምጡ። ከእሱ የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል። ይህን በቀልድ አልልም። ለምዱን ፌስታል ውስጥ ከትታችሁ፣ አየሩን አስወጥታችሁ፣ ጥብቅ አድርጋችሁ አስራችሁ ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት አቆዩት። መሀል ላይ መብራት ጠፍቶ ከቀለጠ እንደገና ከአንድ ቁጠሩ። ሲወጣ እንደታሰረ አንድ ቀን ይቆይና ከዚያ ይፈታ። እንግዳ ቢጠይቃችሁ ሥጋ ነው በሉት።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበል። ጎራዴ በአፎቱ ውስጥ ለዓመታት አይቀመጥም። አፎቱ እርጥበት ይይዛል፤ ስለቱም ይዝጋል። ለየብቻ አስቀምጡ፤ ስለቱን የስፌት መኪና ዘይት በነካካ ጨርቅ ስሱ አድርጋችሁ ጥረጉት። ከአፎቱ አልወጣ ካለ ጉልበተኛ የአክስት ልጅ አትጥሩ። ፎቶ ከመስታወት ጋር ተጣብቆ ፍሬም አይገባም። በክረምት እርጥበቱ ፎቶውን መስታወቱ ላይ ያጣብቀዋል፤ በመሀላቸው የካርድ ጠርዝ ይኑር። ከጀርባው የብስኩት ካርቶን የሚያደርግ ፍሬም ሠሪ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ። ፎቶው ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ አትጻፉ፤ እርሳስ ይበቃል፣ ያውም ሳትጫኑ።

ዘመኑን ማምታታት

ይህን ስህተት የሚሠሩት የተማሩት ናቸው። አንድ መምህር ለትምህርት ቤት ዝግጅት የአያቱን ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ደረደረ። ትልቅ ጽሑፍም አሠራ፤ «ጦርነቱ፦ ከ1935 እስከ 1941»። ከኢንተርኔት ነው የገለበጠው። አጠገቡ ያስቀመጠው ወረቀት ቀኑ 1934 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር። አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ጣሊያን በ1935 ከመጣ አያትዎ በ1934 ማንን ነው የተዋጉት?» መምህሩ ራሱ ነው እየሳቀ የነገረኝ። ወረራው ከ1928 እስከ 1933 ነው በእኛ። ወይ ሁሉንም በእኛ ጻፉ፣ ወይ «እ.ኤ.አ.» በሉ።

ሌላው ደግሞ ፎቶ አምጥቶ «ዐድዋ የዘመተው አያቴ» ብለህ ጻፍልኝ አለኝ። ፎቶው ላይ ያሉት ሰውዬ የአሜሪካ ብረት ቆብ አድርገዋል። ዐድዋ 1888 ነው። እኚህ አባት በ1943 ወይም ከዚያ ወዲህ ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ የዘመቱ ሳይሆኑ አይቀሩም። «ታዲያ ኮሪያ ምን አነሰው?» ብዬ ጠየቅሁት። ትንሽ ዝም አለና «አባቴ ዐድዋ ነው ያለኝ» አለ። ፍሬሙን ሠራሁለት፤ የጽሑፉን ቦታ ግን ባዶ ተውኩት። አጣርቶ ይምጣ።

ደግሞ ከዓባይ በረሃ አፋፍ የመጣ ሁሉ አያቱ የበላይ ዘለቀ ወታደር ነው። ሊሆን ይችላል። ግን ጎጃም ውስጥ ነጋሽ በዛብህም፣ መንገሻ ጀንበሬም፣ ኃይሉ በለውም ጦር ነበራቸው። አያታችሁ ከማን ጋር እንደተሰለፉ የሚያውቅ ሽማግሌ በሕይወት ካለ ዛሬውኑ ሂዱ። ስልካችሁ ድምፅ ይቀዳል። ዕቃው የማን እንደሆነ፣ የት እንደተገኘ፣ ማን እንደነገራችሁ በወረቀት ጽፋችሁ በክር እሰሩበት።

ዕቃውን መበታተን

ሜዳይ እንደ መሬት አይከፋፈልም። ሦስት ወንድማማቾች ሦስት ሜዳይ ተካፍለው ሲሄዱ አይቻለሁ። አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ባሕር ዳር፣ አንዱ ሸጦታል። ከውጭ የመጣው ዘመድ ጎራዴውን በሻንጣ ይዞ ለመውጣት ካሰበ ደግሞ ቅርስ ከአገር ለማውጣት ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ቀድሞ ይወቅ። ለቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት መስጠት የቆየ ልማድ ነው፤ ጥሩም ነው፤ ግን ተፈራረሙ። ለበዓል ሰልፍ፣ ለሠርግ ፉከራ ጎፈር ማበደር ግን… የእኛ ጎፈር አንድ ዓመት ለአንድ መሥሪያ ቤት ዝግጅት ሄዶ ሲመለስ ግማሹ ፀጉር የለም። «ሲመጣም እንዲሁ ነበር» አሉን።

የሴት አያትን ዕቃ መጣል

ባለፈው ዓመት አንዲት ሴት ከደምበጫ መጣች። የወንድ አያቷን ሜዳይና ፎቶ ይዛለች። የጠቀለለችበት ነገር አሮጌ አቁማዳ ነው። ሜዳዩን አውጥታ አቁማዳውን መሬት ላይ ጣለችው።

«ይሄስ የማን ነው?» አልኳት።

«የሴት አያቴ ነው። በሶ ይዛ ጫካ ለጫካ ትከተላቸው ነበር አሉ። ጣለው፤ ቆሻሻ ነው።»

አነሣሁት። አፉ ላይ ያለው ጠፍር ከእጅ ብዛት ለስልሶ ያበራል። አንድ ጎኑ ተቀዶ በሌላ ዓይነት ጅማት ተሰፍቷል። ስፌቱ የቸኮለ ሰው ስፌት ነው፤ ጠማማ፣ ግን ጥብቅ ያለ። በስፌቱ ውስጥ የደነደነ ዱቄት የመሰለ ነገር አለ። አሳየኋት። ጣቷን ስፌቱ ላይ አድርጋ ቆየች።

ሁለት ፍሬም ሊሆን የነበረው አንድ ሰፊ ሣጥን ሆነ። በሶውን እንዳላራግፈው አስጠነቀቀችኝ፤ እኔም አላራገፍኩም። አቁማዳው ከላይ ነው የተሰቀለው፣ ሜዳዩ ከሥር። እሷ ናት እንዲህ ይሁን ያለችው።