ጥር 23ንና አድዋን ለልጆች ስናስተምር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአዊ ዞን፣ እንጅባራ ላይ በየዓመቱ ጥር 23 የሚከበረውንና የአድዋ ፈረሰኞችና ፈረሶች መታሰቢያ የሆነውን የአገው ፈረሰኞች በዓል ለልጅ ማስረዳት ቀላል ይመስላል። ጉግስ አለ፣ ግልቢያ አለ፣ የተሸለመ ፈረስ አለ። ልጁ አፉን ከፍቶ ያያል። ጭንቁ የሚመጣው ማታ ቤት ገብቶ "ለምንድነው ግን?" ሲል ነው። የኅብረተሰብ ትምህርት አስተማሪም ወላጅም ስለሆንኩ ጥያቄው ከሁለቱም በኩል ይደርሰኛል። ከታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹን የሠራኋቸው እኔው ነኝ።

በዓሉን የአድዋ ጭራ ማድረግ

ማስተማር በጀመርኩ ሰሞን ሰሌዳው ላይ "አድዋ" ብዬ በትልቁ ጻፍኩ። የውጫሌን ውል፣ አንቀጽ 17ን፣ የጦር መሪዎቹን ዘረዘርኩና ቦታ ሲያልቅብኝ ጥግ ላይ "መታሰቢያ፦ የፈረሰኞች በዓል" ብዬ ሸጎጥኩ። አንድ ልጅ እጁን አወጣ።

"ቲቸር፣ የእኛ ፈረስ እኮ ያርሳል።"

ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። የገባኝ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው። አዊ ውስጥ ፈረስ ሞፈር ይጎትታል፣ ሙሽራ ያጅባል፣ ለቅሶ ላይ ይወጣል፣ ገበያ ያደርሳል። ልጁ በየቀኑ ሣር የሚያጭድለትና እኔ ጥግ ላይ የሸጎጥኩት ፈረስ ሁለት የማይተዋወቁ እንስሳት ሆነውበት ኖሯል። የዚያን ዘመን ዘማች ግን ስንቁንም ከብቱንም በአብዛኛው ከቤቱ ይዞ ነው የወጣው። አሁን ትምህርቱን የምጀምረው "እናንተ ቤት ፈረሱ ምን ይሠራል?" ብዬ ነው። አድዋ የሚመጣው በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ ፈረሱን ቀድመው ያውቁታል።

"አባቶቻችን ሁሉ በፈረስ ዘመቱ" ማለት

ያምራል፤ እውነት ግን አይደለም። ከዘማቹ የሚበዛው በእግሩ ነው የሄደው፣ ጭነቱም በበቅሎና በአህያ ነበር። የፈረሰኛው ሚና ትልቅ ነበር፤ በተለይ የተፈታውን የጣሊያን ጦር እግር በእግር በማሳደድ። ይህን በልኩ ብንነግራቸው ፈረሱ ምንም አይጎድልበትም።

ሁለቱን 23 ማምታታት

ጥር 23 የፈረሰኞች በዓል፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ። በመካከላቸው ልክ አንድ ወር አለ፣ ሁለቱም የጊዮርጊስ ዕለት ናቸው። ልጆች በፈተና ላይ አድዋን ጥር ላይ ሲያደርጉት እንቆጣቸዋለን እንጂ ለምን እንደተምታታባቸው አንጠይቅም። የጊዮርጊስን ዕለት መንጠቆ አድርጎ ሁለቱን ጎን ለጎን ማሳየት ይበቃል።

ስልክ ደግሞ የራሱን ችግር ያመጣል። በዓሉን የሚያከብረው የፈረሰኞች ማኅበር ምሥረታ በእኛ 1932 ሲሆን ስልኩ በፈረንጅ 1940 ይላል፤ ልጁ ሁለቱን ቁጥሮች አንድ ደብተር ላይ ይገለብጣቸዋል። ከየቁጥሩ አጠገብ "ዓ.ም." ወይም "እ.ኤ.አ." ማስጻፍ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

የሚያስቸግረውን ጥያቄ መዝጋት

ይህኛው ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ማኅበሩ ዕድሜውን የሚቆጥረው ከ1932 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928፣ ንጉሠ ነገሥቱ የተመለሱት ሚያዝያ 27 ቀን 1933። መቀነስ የሚችል ልጅ ወዲያው ይደርስበታል፦ "ታዲያ በ1932 ጣሊያን እዚሁ አልነበረም እንዴ?"

ነበረ። አስተማሪው እዚህ ላይ "ዝም ብለህ ጻፍ" ካለ ሁለቱም ታሪኮች ሞቱ። እኔ ደስ ነው የሚለኝ፣ ምክንያቱም የአምስቱ ዓመት ትግል በዚህች በር ይገባል። ጣሊያን ከተሞቹንና ምሽጎቹን ቢይዝም የጎጃም ገጠር አልገዛለትም፤ በላይ ዘለቀን የመሰሉ አርበኞች ጫካና ተራራውን ይዘው ነበር። በጥር 1933 ንጉሠ ነገሥቱ ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሰቀሉ፤ ከዚያ በበላያ፣ በቡሬ፣ በደብረ ማርቆስ አድርገው ነው አዲስ አበባ የገቡት። ጣሊያን እንጅባራን የለቀቀውም በዚያው ዘመቻ ነው። ሚያዝያ 27ን በቴሌቪዥን ሰልፍ ብቻ የሚያውቅ ልጅ፣ ድሉ በሰፈሩ መንገድ ማለፉን ሲሰማ ፊቱ ይለወጣል። ቀሪውን፣ ማለትም በዚያ ጊዜ ሰው እንዴት ተሰብስቦ ማኅበር እንዳቆመ፣ ለአያቶቹ የሚያቀርበው የቤት ሥራ አደርገዋለሁ።

ጎጃምን አንድ ሰው ማስመሰል

በላይ ዘለቀን የአገው ፈረሰኛ አድርጎ የሳለ ተማሪ ገጥሞኛል። ሥዕሉ ግሩም ነበር፤ ሰውየው ግን የምሥራቅ ጎጃም፣ የቢቸና በኩል ሰው ነው። የየአካባቢውን ጀግና በየቦታው ማስቀመጥ ማንንም አያሳንስም።

ከዚህ የባሰው መራራውን መደበቅ ነው። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ከምኒልክ ጋር ተዋግተው ተሸንፈዋል፣ ተማርከዋልም። ከ14 ዓመት በኋላ ጦራቸውን ይዘው ከዚያው ከምኒልክ ጋር አድዋ ተሰልፈዋል። ልጆች ጓሮ ውስጥ ተደባድበው ሲነጋ አብረው ኳስ የሚጫወቱ ናቸው፤ ይህ ታሪክ ከማንም በላይ ይገባቸዋል። በላይ ዘለቀ ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ በ1937፣ በስቅላት መሞቱንም ለትልልቆቹ ልጆች እነግራለሁ። ለምን ብለው ይከራከራሉ፤ ይከራከሩ።

አፈ ታሪክን ወይ ማምለክ ወይ መናቅ

"ሰባት ቤት አገው" የሚለውን ከሰባት ወንድማማቾች ጋር የሚያያይዘውን ትረካ እንደ አድዋ ቀንና ዓመተ ምሕረት ሰጥቶ ማስጠናት ልክ አይደለም። "ተረት ነው" ብሎ መዝጋትም እንደዚያው። "አባቶች እንዲህ ይላሉ" የሚል ሐረግ አማርኛ ሰጥቶናል፣ እንጠቀምበት። የአገው ቋንቋ የሆነው አውኚ በሚነገርበት ቤት ደግሞ ትረካው በአውኚ ይነገር፤ አማርኛው ትምህርት ቤት ይደርሳል።

ሽማግሌን በፈተና ጥያቄ መጠየቅ

"የበዓሉ ፋይዳ ምንድነው?" ተብሎ የተጠየቀ ሽማግሌ ከመድረክ የሰማውን መልሶ ይነግራችኋል። ልጆቹን ዕቃ እያዩ እንዲጠይቁ አድርጓቸው፦ ኮርቻውን፣ ልጓሙን፣ ዛቡን፣ እርካቡን።

ባለፈው ልጄን ይዤ አንድ አዛውንት ጎረቤታችን ዘንድ ሄድኩ። ከጓዳ አሮጌ ኮርቻ አወጡ። ልጄ እርካቡን አገላብጦ አየው፤ ጠባብ የብረት ቀለበት ነው።

"አባባ፣ ጫማ በዚህ እንዴት ይገባል?"

"ጫማ ማን ነበረው ልጄ! አውራ ጣት ብቻ ነው የሚገባበት።"

ልጄ ትንሽ አሰበና መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ጫማውን አወለቀ። ካልሲውንም አወለቀ። አውራ ጣቱን ቀለበቱ ውስጥ ከቶ ተጫነው።

"ይቆረቁራል" አለ።

"እስከ አድዋ ድረስ ይቆረቁር ነበር" አሉት።