ለድስት፣ ለባልዲና ለጠርሙስ ኖታ እንዴት ይጻፋል?

ከቤት ዕቃ የሚወጣ ሙዚቃ ቶሎ ይረሳል። ዛሬ ያገኛችሁትን ግሩም ምት ነገ ልትደግሙት ስትሉ ይጠፋችኋል። ስለዚህ ኖታ ያስፈልገዋል፤ ኖታውን ደግሞ ራሳችሁ መፍጠር ትችላላችሁ።

መጀመሪያ ዕቃ ምረጡ። ለጀማሪ አራት ይበቃል፦ ባልዲ፣ ክዳን ያለው ድስት፣ ሁለት የመስታወት ጠርሙስ። ምቱ፣ ንፉ፣ ፈትጉ። ጆሯችሁ የወደደውን ድምፅ ብቻ አስቀሩ።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ድምፅ ምልክት ስጡ። ከባዱ ሥራ ይሄ ነው። እኔ መጀመሪያ ድምፁን በፊደል እያስመሰልኩ ነበር የጻፍኩት፤ «ድም»፣ «ጧ»፣ «ቅጭል»። ስጽፈው ግልጽ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደብተሩን ስከፍት ግን «ጧ» ክዳኑ ይሁን ጠርሙሱ መለየት አቃተኝ። ድምፁን ሳይሆን እጃችሁ የሚሠራውን ጻፉ። የትኛው ዕቃ? የቱ ጋ? በምን? ለምሳሌ ባልዲው መሃሉ ላይ በመዳፍ ሲመታ የተቀባ ክብ፣ ጠርዙ ላይ በማንኪያ ሲመታ ባዶ ክብ ይሁን።

መንገዱ አዲስ አይደለም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሉት የተባለውን ጊታር መሰል መሣሪያ የሚጫወቱ አውሮፓውያን ያነብቡት የነበረው ታብላቸር የተባለ ኖታ የሚያሳየው ጣት የትኛው አውታር ላይ፣ የት እንደሚያርፍ ነው።

ጠርሙስ ላይ ደግሞ ይህ ነገር የግድ ነው። ውሃ ጨምራችሁ አፉ ላይ ስትነፉ ድምፁ ይቀጥናል፤ የሚርገበገበው ከውሃው በላይ ያለው አየር ነውና፣ አየሩ ሲያጥር ድምፁ ይቀጥናል። ያንኑ ጠርሙስ በማንኪያ ስትመቱት ግን የሚርገበገበው መስታወቱ ነው። ውሃው ስለሚከብደው ቀስ ብሎ ይርገበገባል፤ ድምፁም ይወፍራል። ይህን ሳላውቅ ጠርሙሶቼን እየነፋሁ ከወፍራም ወደ ቀጭን ደርድሬ ቁጥር ሰጠኋቸው። ሰው ፊት ስንጫወት ግን በማንኪያ መታናቸው። ሽቅብ መውጣት የነበረበት ዜማ ቁልቁል ወረደ። በጣም ነው ያዘንኩት፤ አብረውኝ የተለማመዱት ልጆች ምንም ጥፋት አልነበረባቸውም። ከቁጥሩ ጎን «ንፋ» ወይም «ምታ» የሚል ምልክት አድርጉ። የውሃውንም ከፍታ በማስመሪያ ለክታችሁ ኖታው አናት ላይ ጻፉ፤ ጠርሙሱ ላይም ፕላስተር ለጥፉ። ውሃ ስለሚተን ከመጫወታችሁ በፊት ሁሌ ለኩ።

ቀጥሎ ጊዜው ነው። ጉቺን ለተባለው ባለ 7 አውታር የቻይና መሣሪያ የሚጻፈው ጥንታዊ ኖታ የጣቶቹን ሥራ በዝርዝር ይናገራል፤ የእያንዳንዱን ድምፅ ርዝመት ግን በቀጥታ አያሳይም። ያን ተማሪው ከመምህሩ ይቀበላል። ለባልዲ መምህር ስለሌለ እኛ መጻፍ አለብን። ካሬ ካሬ የተሰመረበት ደብተር ያዙ። አንድ ረድፍ ለአንድ ዕቃ፣ አንድ ካሬ ለግማሽ ምት። በየ8 ካሬው ደማቅ መስመር አስምሩ። ባዶ ካሬ ዝምታ ነው። የድስት ክዳን ድምፁ ስለሚቆይ ከምልክቱ አንስታችሁ ጭረት ሳቡ፤ በእጅ የሚታፈንበት ቦታ ላይ ጭረቱን ቁረጡት።

እርሳስና ላጲስ ከየትኛውም ሶፍትዌር ይሻላል ባይ ነኝ። የኖታ ሶፍትዌሮች በአብዛኛው ለተለመደው ባለ አምስት መስመር ኖታ የተሠሩ ናቸው፤ የራሳችሁን ምልክት ለማስገባት ስትታገሉ ማታው ያልቃል።

በመጨረሻ ሙዚቃውን ሰምቶት ለማያውቅ ሰው ወረቀቱን ስጡት። አፋችሁን ዝጉ፣ በስልክ ቅዱት። የቆመበትን ወይም የጠየቀበትን ቦታ ሁሉ ምልክት አድርጉና እነዚያን ብቻ እንደገና ጻፉ። ከዚያ ለሌላ ሰው ስጡ።