ለዶሮ የሚረባ እጭ ምን ይብላ?

በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ ቆላ ብስባሽ እየበላ የሚያድገውን የጥቁር ወታደር ዝንብ እጭ ለማርባት የሚያስብ ዶሮ አርቢ፣ ከሳፋና ከወንፊት በፊት ሊያስብበት የሚገባው የእጩን መኖ ነው። እጭ በእኛ ገበታ ባይቀርብም፣ እሱን ዶሮዋ፣ እንቁላሏን ደግሞ እኛ ስለምንበላ ጉዳዩ ከማዕዳችን የራቀ አይደለም።

የደረቀ እጭ ብዙ ጊዜ 40 በመቶ ገደማ ፕሮቲንና 30 በመቶ ገደማ ስብ ይኖረዋል። መኖው ሲለወጥ ፕሮቲኑ የሚዋዥቀው በመጠኑ ሲሆን፣ ስቡ ግን በመጠንም በዓይነትም በእጅጉ ይለያያል። የበሰበሰ ሙዝና ማንጎ ብቻ የሚበላ እጭ ፕሮቲን ስለሚያጥረው እድገቱ ይጓተታል፤ ስኳሩንም በአብዛኛው ሎሪክ አሲድ ወደሚባለው ስብ ይለውጠዋል። በመኖው ውስጥ የተፈጨ ተልባ ሲገባ በስቡ ውስጥ ያለው ኦሜጋ 3 ይጨምራል፤ የኑግ ፋጉሎ ደግሞ ፕሮቲንም ሊኖሌይክ አሲድ የሚባለውን ስብም ይሰጣል።

እኔ የምመርጠው ውሃው የተንጠፈጠፈለትን የጠላ አተላ መሠረት አድርጎ፣ ፍሩሽካና የፍራፍሬ ትርፍራፊ መጨመርና ፋጉሎውን በጥቂቱ ማከል ነው። ድብልቁን በእፍኝ ጨብጠው ሲጨምቁት በጣቶች መካከል ጥቂት ጠብታ ብቻ ከወጣ እርጥበቱ ልክ ነው፤ ከፈሰሰ ፍሩሽካ ይጨመር፣ ምንም ካልወጣ ውሃ ይርከፈከፍበት። ካልሲየም ደግሞ ከመኖው ስለሚመጣ፣ የእንቁላል ቅርፊት አድርቆና አድቅቆ መነስነስ ይጠቅማል።

የተባይ መድኃኒት የተረጨበት የሽንኩርት ቅጠል ፈጽሞ አይሰጥ፤ መድኃኒቱ የተሠራው ነፍሳትን ለመግደል ነውና፣ በዚህ ስህተት አንድ ሳፋ እጭ በአንድ ሌሊት አልቆብኛል። ካድሚየም የተባለው ከባድ ብረትም በእጩ ሰውነት ውስጥ ስለሚከማች፣ ከጋራዥ አካባቢና ከቆሻሻ መጣያ የተለቀመ ነገር መኖ አይሆንም።

ለእጩ 28 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ይስማማዋል። ደብረ ብርሃን ላይ፣ በተለይ በኅዳር ውርጭ፣ ማሞቂያ የሌለው ቤት መኖው ምንም ቢያምር እጩን አያሳድግም። መሰብሰቢያው ጊዜ ደግሞ እጩ ገና ነጣ እንዳለ ነው፤ ከጠቆረ በኋላ ቆዳው ስለሚጠነክር ለዶሮዋ መፍጨት ይከብዳታል። ተነፍቶ ከተለየ በኋላ ለአጭር ጊዜ የፈላ ውሃ ውስጥ ይነከርና፣ በእጅ ሲሰበር ቀጭ እስኪል ድረስ በፀሐይ ይደርቃል።