በኮሸር ኩሽና ስለ ብረት ድስት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኮሸር የሚባለው የአይሁድ የምግብ ሕግ ሥጋንና ወተትን አብሮ መብላትን ብቻ ሳይሆን ሥጋ በተቀቀለበት ድስት ወተት ማፍላትንም ይከለክላል፤ ትኩስ ምግብ ጣዕሙን ለዕቃው ይሰጣል፣ ዕቃውም በኋላ ለሚበስለው ይመልሰዋል ተብሎ ይታሰባልና። ዕቃው ስቴንለስ ስቲል ሲሆን ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል።

ዋነኛው ስህተት «ይህ ብረት ምንም አይመጥጥም» ብሎ በራስ ፈቃድ መወሰን ነው። አባባሉ መነሻ የለውም አይባልም፤ ስቴንለስ ስቲል ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ስላለው ላዩን እጅግ ስስ የሆነ የኦክሳይድ ሽፋን ይጋርደዋል፣ እንደ ሸክላም ወጥ የሚሰርግበት ቀዳዳ የለውም። ስለዚህ አንዳንድ የዘመናችን ረቢዎች፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የአይሁድን ሕግ በመጽሐፍ ያጠናቀረው ዮሴፍ ካሮ «አይመጥጥም» ብሎ እንደ ፈቀደው ብርጭቆ ሊቆጠር ይችል እንደሆነ ጠይቀዋል። ጥያቄው ተገቢ ይመስለኛል፤ ታልሙድ (የጥንት ረቢዎች የሕግ ውይይት መጽሐፍ) ራሱ አይሁዳዊ ያልሆነ ወጥ ሠሪ የተከለከለ ጣዕም በምግቡ መኖር አለመኖሩን ቀምሶ እንዲመሰክር የሚፈቅድበት ቦታ ስላለ፣ ጣዕም በምላስ የማይፈተን ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ ኦሪት ዘኁልቁ 31፥22 ስለሚነጹ ዕቃዎች ሲናገር ወርቅን፣ ብርን፣ ናስን፣ ብረትን፣ ቆርቆሮንና እርሳስን በአንድነት ስለሚዘረዝር፣ አብዛኞቹ ሊቃውንት ስቴንለስ ስቲልንም ከሌላው ብረት አልለዩትም።

በተቃራኒው ብረትን እንደ ሸክላ ቆጥሮ መጣልም ስህተት ነው። ዘሌዋውያን 6፥28 የሸክላው ዕቃ እንዲሰበር፣ የናሱ ግን ተፈግፍጎ እንዲታጠብ ያዛል። (ሸክላ ሠሪነትንም አንጥረኝነትንም ሙያቸው ያደረጉት ቤተ እስራኤላውያን የሁለቱን ልዩነት በእጃቸው ያውቁት ነበር።)

ሦስተኛው ስህተት የማንጻቱን መንገድ ማምታታት ነው። ዕቃ በመጠጠበት መንገድ ያወጣል፤ በፈሳሽ የተቀቀለበት ድስት በሚንተከተክ ውኃ ሲነጻ፣ በእሳት ላይ በደረቁ የተጠበሰበት ፍርግርግ ግን በእሳት እስኪግል ድረስ መጋል አለበት። የቀረ ስብና ዝገት አስቀድሞ ካልተፈገፈገ፣ በተለይ በእጀታው መጋጠሚያ ላይ፣ ማፍላቱ አይረዳም። አዲስ ዕቃን በሚቅዌ (በሥርዓት መንጻት በሚደረግበት የውኃ ገንዳ) መንከርም ሌላ ግዴታ ስለሆነ ይህን አይተካም።

«ሥጋ ከተቀቀለበት 24 ሰዓት አልፎታል» ብሎ በሥጋው ድስት ወተት ማፍላትም አይገባም። ከዚያ ወዲህ በዕቃው ውስጥ ያለው ጣዕም እንደ ተበላሸ ይቆጠራል፤ ይህ ግን በስህተት ለተበሰለ ምግብ የሚያገለግል ማቃለያ እንጂ አስቀድሞ የተሰጠ ፈቃድ አይደለም።

በእኛ ወጥ ቤት በቀላሉ የሚዘነጋው የሽንኩርት ነገር ነው። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያን የመሰለ ኃይለኛ ነገር ቢላዋው ቀዝቃዛ ቢሆንም እንኳ ጣዕሙን ይስባል ተብሎ ስለሚታሰብ፣ በሥጋ ቢላዋ የተከተፈ ሽንኩርት በቅቤ ሊቁላላ አይገባም፤ በዘይት ግን ይቻላል።