ተራራ ዞሮ በወንዝ ሸለቆ ለሚመለስ ብስክሌተኛ

ተራራ ዞሮ በወንዝ ሸለቆ በሚመለስ የአስፋልት መንገድ ብስክሌት ለመንዳት የምታስቡ ከሆነ፣ ከርቀቱ በፊት አቅጣጫውን ብትወስኑ ይበጃችኋል። ፀሐያማ በሆነ ቀን የተራራው ገጽ ሲሞቅ አየሩ ሽቅብ ስለሚሳብ፣ ከረፋዱ ጀምሮ ነፋሱ በአብዛኛው ከሸለቆው አፍ ወደ ወንዙ መነሻ ይነፍሳል፤ ሌሊት ደግሞ ይገለበጣል። ስለዚህ ወንዙን ተከትሎ ቁልቁል የሚወርደውን ክፍል በማለዳ ጨርሶ፣ ወደ ላይ የሚመለሰውን ለከሰዓት በኋላ ማቆየት ነፋሱን ከጀርባ ያደርገዋል።

የዳገቱን አማካይ ቁጥር ብቻ አይታችሁ አትዘናጉ። በ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ 500 ሜትር የሚያስወጣ መንገድ በወረቀት ላይ 5 በመቶ ነው፤ ነገር ግን ከዚያ ውስጥ 4 ኪሎ ሜትሩ ሜዳ ከሆነ ቀሪው ከ8 በመቶ በላይ ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ቀላል ማርሽ የሌለውን ሰው ከብስክሌቱ አውርዶ ያስገፋዋል። እኔ ሁልጊዜ የከፍታውን መስመር በየኪሎ ሜትሩ ከፋፍዬ ነው የማየው።

ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን የሚያዘው ከመታጠፊያው በፊት እንጂ መታጠፊያው ውስጥ አይደለም። ቸርኬውን በሚጨብጥ ፍሬን ለረጅም ጊዜ ሳይለቁ መያዝ ቸርኬውን ስለሚያግለው፣ ጠበቅ አድርጎ ይዞ መልቀቅ ይሻላል። ወደ ላይ በወጣችሁ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ስለሚቀንስ፣ የንፋስ ጃኬቱን ላባችሁ ሳይቀዘቅዝ ጫፉ ላይ እንደደረሳችሁ ልበሱት። በወንዙ ዳር ዛፍ ያጠላባቸው መታጠፊያዎች አስፋልቱ ሌላው ቦታ ደርቆም እርጥብ ሆነው ሊቆዩ ይችላሉ።