ክላክስ ሲጠፋ፦ በአሮጌ መኪና ላይ ከባትሪ እስከ መሪ እንዴት ይፈተሻል

በአሮጌ መኪና ላይ ክላክስ ሲጠፋ ብዙ ሰው የሚሮጠው ወደ መለዋወጫ ሱቅ ነው። ክላክሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው፤ የታመመው ወደ እሱ የሚሄደው፣ ይልቁንም ከእሱ የሚመለሰው መስመር ነው። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደውን ጠመዝማዛ ያለ ክላክስ መንዳት አይታሰብም፤ በገበያ ቀን በጋሪና በከብት መሃል ቡሬን ማቋረጥም እንደዚያው። ከመግዛትዎ በፊት ይለኩ።

የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ ቴስተር (ቮልት መለኪያ)፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ሁለት ሜትር ያህል 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ፣ መለዋወጫ ፊውዝ፣ እንዲሁም ሁለት ሽቦ የተበየደበት ባለ 21 ዋት የፍሬቻ አምፖል። አምፖሉን አይናቁት። ውስጡ ተበልቶ አንድ ክር ብቻ በቀረው ሽቦ ላይ ቴስተር 12 ቮልት ሊያሳይ ይችላል፤ አምፖሉ ግን ወደ 1.75 አምፔር ስለሚስብ ደብዝዞ ያጋልጠዋል። ኤርባግና ኮምፒዩተር ባለበት መስመር ላይ ግን አይሞክሩት።

እዚህ ያሉት ቁጥሮች ለ12 ቮልት ናቸው። ሁለት ባትሪ በተከታታይ የታሰረበት የጭነት መኪና 24 ቮልት ስለሆነ የቤት መኪና ክላክስ አይገጠምበትም፤ ይቃጠላል።

1. ባትሪውን ይለኩ

ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ከቆየ በኋላ 12.6 ቮልት አካባቢ ከሆነ ሙሉ ነው፤ ከ12.2 በታች ከሆነ መጀመሪያ ቻርጅ ይደረግ። ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.4 ካልደረሰ ዲናሞውን ወይም ቺንጋውን ይመልከቱ። ሞርሴቶቹ (ገመዱን ከባትሪው ጫፎች ጋር የሚያስሩት መያዣዎች) ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለ ኔጌቲቩን አስቀድመው ይፍቱ፤ በሙቅ ውሃ በተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ ይጠቡና ያድርቁ፤ ሲያስሩ ኔጌቲቩ የመጨረሻው ይሁን። ካጠበቁ በኋላ ስስ ቫዝሊን ይቀቡት።

2. ሰው ክላክሱን ይጫን፣ እርስዎ ያዳምጡ

ኮፈኑን ከፍተው ቁልፉን ያብሩ፤ በአንዳንድ መኪና ቁልፍ ሳይከፈት ክላክስ አይሠራም። ሪሌው (መሪው ላይ ሲጫኑ ኃይሉን ወደ ክላክሱ የሚያገናኘው ትንሽ ሳጥን) «ጠቅ» ካለ የመሪው ወገን ደህና ነው፤ ችግሩ ከሪሌው እስከ ክላክሱ ባለው መንገድ ነው። ጠቅታ ከሌለ ፊውዙን፣ ሪሌውንና መሪውን ይጠርጥሩ። ይህ ፍተሻ ግማሹን ሥራ ይቀንሳል። እንደ ቮልስ ባሉ ሪሌ በሌላቸው መኪኖች ላይ ግን በቀጥታ ወደ ፊውዙ ይለፉ።

3. ፊውዝ

ብዙ ጊዜ 10 (ቀይ) ወይም 15 አምፔር (ሰማያዊ) ነው። በአሮጌ ቮልስና ላዳ ላይ ያሉት ጥይት መሰል ፊውዞች ሳይቃጠሉም ጫፋቸው ዝጎ መስመር ይቆርጣሉ፤ አውጥተው መያዣውን ጭምር ይፈግፉ። ከተቃጠለ የሲጃራ ብልጭልጭ ወረቀት ወይም ባለ 30 አምፔር አይተኩበት፤ ቀጥሎ የሚቃጠለው ሽቦው ነው። የክላክሱን ሶኬት ነቅለው ትክክለኛውን ፊውዝ ያስገቡና ይጫኑ። ካልተቃጠለ አጥፊው ክላክሱ ነው፤ ሲጫኑ ከተቃጠለ ከሪሌ ወደ ክላክስ የሚሄደው ሽቦ ቦዲ ነክቷል፤ ሳይጫኑ ከተቃጠለ ከሪሌ በፊት ያለው መስመር ነው።

4. ክላክሱንና ማሳውን ይለዩ

ክላክሱን በፊውዝ በኩል ከባትሪው ጋር በሁለት ሽቦ በቀጥታ ያገናኙት። ከጮኸ አይግዙ። ዝም ካለ በካቻቢቴ እጀታ ቀስ ብለው መታ ያድርጉት፤ አሁንም እምቢ ካለ ከጀርባው ያለውን ማስተካከያ ቪቲ በሩብ ዙር ወዲያና ወዲህ ያዙሩ። ድምፁ ሲጠራ ቪቲውን በቀለም ወይም በሲሊኮን ይድፈኑ። ሲገጥሙት አፉ ወደ ታች ይዘቅዝቅ፤ ሽቅብ ከሆነ ክረምቱን ሙሉ ጭቃና ውሃ ይጠጣል።

በቀጥታ እየጮኸ መኪናው ላይ ግን የማይጮህ ከሆነ ዋናው ተጠርጣሪ ማሳው፣ ማለትም ኃይሉ በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበት መስመር ነው። ባለ አንድ ሽቦ ክላክስ ኔጌቲቩን የሚያገኘው በታሰረበት ብረት በኩል ነው። ቀለም ቤት ገብቶ የወጣ መኪና ክላክሱ «የሚሞተው» ለዚህ ነው፦ ስቱኮና ቀለም የተቀባ ብረት ላይ መልሰው ያስሩታል። የቴስተሩን ቀይ ዘንግ ክላክሱ የታሰረበት ብሎን ላይ፣ ጥቁሩን ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አድርገው ክላክሱን ያስጫኑ። ከ0.3 ቮልት በላይ ካሳየ ብረቱ እስኪያበራ ፈግፈው ያጥብቁና ቅባት ይቀቡት።

እግረ መንገድዎን ከሞተር ወደ ቦዲ የሚሄደውን ወፍራም ገመድ ይመልከቱ። እሱ ከተቆረጠ የሞተሪኖው (የሞተር ማስነሻው) ኃይል ሌላ መመለሻ ይፈልጋል፤ መኪና ሲያስነሱ የፍሪሲዮን ወይም የነዳጅ ኬብል ከሞቀ ምክንያቱ ይኸው ነው።

5. መሪው

ጠቅታ ከሌለና ፊውዙ ደህና ከሆነ፣ በአብዛኞቹ የጃፓን መኪኖች ከሪሌው ወደ መሪ የሚሄደውን ቀጭን ሽቦ ቦዲ ያስነኩት። ከጮኸ ችግሩ መሪው ውስጥ ነው። በዲኤክስ (አሮጌው ቶዮታ ኮሮላ) ላይ የመሪውን መሃል ሲያነሱ የነሐስ ቀለበትና በስፕሪንግ የሚገፋ መነካኪያ ያገኛሉ። በስስ የብርጭቆ ወረቀት ያጽዱ፣ ጥቂት ግራሶ ይቀቡ። መሪውን መንቀል ካስፈለገ መጀመሪያ ከዘንጉ ጋር ምልክት ያድርጉበት።

ኤርባግ ያለው ከሆነ እዚህ ላይ ያቁሙ። የኤርባግ መብራት በርቶ ክላክስም ከጠፋ ከመሪው ሥር የሚጠመጠመው ኬብል ሳይቆረጥ አልቀረም፤ ለባለሙያ ይስጡት። እሱም ቢሆን ሳይነካው ኔጌቲቩን ፈትቶ ቢያንስ 90 ሰከንድ መጠበቅ አለበት።

6. ሽቦው

ብልሽቱ የሚመጣበት ሰዓት ራሱ ይናገራል። እንጅባራና ዳንግላ ዝናብ ላይ ጠፍቶ ፀሐይ ሲወጣ የሚመለስ ከሆነ ሶኬት ውስጥ እርጥበት አለ፤ ላቫጆ ሞተር ከታጠበ በኋላም እንዲሁ። በጠጠር መንገድ ሲንገጫገጭ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ሽቦ ወይም መጋጠሚያ ላልቷል። ጎተራ አጠገብ የሚያድር መኪና ከሆነ አይጥ ይጠርጥሩ።

ሲላጥ አረንጓዴ ወይም ጥቁር የሆነ መዳብ አይጠገንም፤ የሚያበራው እስኪገኝ ወደ ኋላ ይቆረጣል። ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል በሞተር ሙቀት ሙጫው እስኪቀልጥ ብቻ ያገለግላል፤ በስታኞ ይበየድና በሙቀት የሚኮማተር ፕላስቲክ ይልበስ። ለቴፕ፣ ለአምፕሊፋየርና ለተጨማሪ መብራት ከክላክስ መስመር አይጥለፉ፤ ከባትሪው አጠገብ የራሱ ፊውዝ ያለው መስመር ይዘርጉ።

ክላክሱ ራሱ ጀምሮ አልቆም ካለ ደግሞ ሪሌውን ይንቀሉ። ከቆመ ከመሪ የሚመጣውን ሽቦ ከሪሌው መቀመጫ ነቅለው ይሞክሩ፦ ሽቦው ተነቅሎም ሪሌው ተመልሶ ሲገባ ከጮኸ ሪሌው ተጣብቋል፤ ዝም ካለ የመሪው መነካኪያ ወይም ወደ እሱ የሚሄደው ሽቦ ቦዲ ነክቷል። ሪሌ ከሌለው የክላክሱን ሶኬት ነቅለው ጫፉን በናስትሮ ይሸፍኑና ጋራዥ እስኪደርሱ በዝግታ ይንዱ።