የኤሌክትሪክ መኪና እጥበትና የቀለም ጉዳት፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

የግቢያችን ጥበቃ ደግ አባት ናቸው። መኪናውን ካመጣሁበት ቀን ጀምሮ በየማለዳው፣ እኔ ሳልነሳ፣ በአንዲት ጣሳ ውሃና በአንዲት ቁራጭ ጨርቅ ከጣሪያው እስከ ቸርኬው ይወለውሉልኝ ነበር። መኪናው ጥቁር ነው። ከግቢ ሲወጣ ያንጸባርቃል፤ እኔም ደስ ብሎኝ አመስግኜ እሄዳለሁ። ሰባት ወር ገደማ ካለፈ በኋላ አንድ ምሽት ጎማ ላስነፋ ማደያ ቆሜ፣ የማደያው መብራት ኮፈኑ ላይ ሲያርፍ በብርሃኑ ዙሪያ የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት አየሁ። ስዳስሰው ለስላሳ ነው፤ ጥቁሩ ቀለም ግን ግራጫ ጉም የለበሰ መስሏል።

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የገዙ ዘመዶቼና ጎረቤቶቼ አንድ ጥያቄ ደጋግመው ይጠይቁኛል፦ «ውሃ ባትሪው ውስጥ አይገባም?» ስጋቱ ይገባኛል። ነገር ግን ያየኋቸው ጉዳቶች በሙሉ ማለት ይቻላል የመጡት ከጨርቅ፣ ከሳሙናና ያለ ቦታው ከተረጨ የግፊት ውሃ ነው። ስለዚህ መኪናዎ ላይ የሚያዩትን ምልክት እዚህ ይፈልጉ፤ መንስኤውንና መፍትሄውን ከሥሩ ያገኛሉ።

በፀሐይ ወይም በመብራት ስር ክብ ክብ ጭረት ይታያል

የመኪና ቀለም ንብርብር ነው። ከብረቱ ላይ ፀረ ዝገት፣ ከዚያ መሠረት፣ ከዚያ ቀለሙ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀለም የሌለው ግልጽ ሽፋን ይቀባል። የፋብሪካ ቀለም ሁሉም ንብርብር ተደምሮ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው (አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው)። ግልጹ ሽፋን ብቻውን ወደ 40 ወይም 50 ማይክሮን ይሆናል፤ ከሰው ፀጉር ይቀጥናል ማለት ነው። መኪናው የሚያብረቀርቀው በዚህ ሽፋን ነው፤ የሚጫረውም እሱ ነው።

የመንገድ አቧራ ውስጥ ደቃቅ አሸዋ አለ፤ አሸዋ ደግሞ ከዚህ ሽፋን ይጠነክራል። አቧራ ለብሶ ያደረ መኪና በደረቅ ወይም በረጠበ ጨርቅ ሲታሸት አሸዋው በጨርቁና በቀለሙ መካከል ሆኖ ይፈጫል። ጭረቶቹ በእርግጥ ክብ አይደሉም፤ በየአቅጣጫው የተጋደሙ ናቸው። ብርሃን የሚመልሱት ለመብራቱ አግድም የሆኑት ብቻ ስለሆኑ ነው በብርሃኑ ዙሪያ የከበቡ የሚመስሉት። በላባ ወይም በክር የተሠራ አቧራ ማራገፊያም ያው ነው። አቧራ በለበሰ መኪና ላይ የመኪና ልብስ ማልበስም እንዲሁ፤ ነፋስ ልብሱን ባንቀሳቀሰው ቁጥር ይፈገፍጋል።

መፍትሄው የሚጀምረው ከቅደም ተከተሉ ነው። ጨርቅ ቀለሙን ከመንካቱ በፊት መኪናው በብዙ ውሃ ከላይ ወደ ታች ይታጠብ፤ የሚለቀው አቧራ ሁሉ በውሃ ብቻ ይውረድ። ከዚያ ሁለት ባልዲ ያዘጋጁ። አንዱ የመኪና ሻምፑ የተበጠበጠበት፣ ሌላው ንጹህ ውሃ ብቻ። ማጠቢያ ጓንቱ ወይም ማይክሮፋይበሩ (ከደቃቅ ክር የተሠራው ለስላሳ ጨርቅ) ሻምፑ ውስጥ ይነከራል፣ አንድ ክፍል ይታጠብበታል፣ ከዚያ በንጹሁ ውሃ ታጥቦ ነው ወደ ሻምፑው የሚመለሰው። እጥበቱ ሲያልቅ የሁለተኛውን ባልዲ ወለል ይመልከቱት፤ የተቀመጠው ጥቁር ዝቃጭ በአንድ ባልዲ ቢሆን ኖሮ ኮፈንዎ ላይ ይፈጭ የነበረው ነው። ከጣሪያ ይጀምሩ፤ የበሮቹን የታችኛ ክፍልና ፓራውልቱን መጨረሻ ያድርጉ። የቸርኬው ጨርቅ የቸርኬ ብቻ ይሁን። መሬት የወደቀ ጨርቅ ሳይታጠብ አይመለስ።

ከጥበቃችን ጋር የተነጋገርነውም ይህንኑ ነው። «አባባ፣ ከዛሬ ጀምሮ ደረቅ አቧራ አንነካም» ስላቸው፣ «ታዲያ አቧራ ለብሶ ይውጣ?» አሉኝ፤ ቅር ብሏቸዋል። «ይልበሰው፤ ቅዳሜ አብረን እናጥበዋለን» አልኳቸው። ኮፈኑን በእጅ ባትሪ ሳበራላቸው ግን ጎንበስ ብለው አዩት፣ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፣ ዳግመኛ ጨርቅ አልያዙም። አሁን ቅዳሜ ጠዋት ቱቦውን የሚይዙት እሳቸው ናቸው።

አስቀድሞ ለተጫረው፣ ጥፍርዎን በጭረቱ ላይ በቀስታ ያሳልፉ። ጥፍሩ ካልተያዘ ጭረቱ በግልጹ ሽፋን ውስጥ ስለሆነ በማሽን ፖሊሽ ይጠፋል። ጥፍር ከያዘ ጠልቋል፤ ፖሊሽ ያደበዝዘዋል እንጂ አያጠፋውም። ፖሊሽ ሽፋኑን እያሳሳ የሚሄድ ሥራ ስለሆነ በየጥቂት ወሩ የሚደረግ አይደለም። ላቫጆ ውስጥ «ፖሊሽ» ተብሎ በጨርቅ የሚቀባው ቅባት ብዙ ጊዜ ጭረቱን ሞልቶ የሚደብቅ ነው፤ ከሁለትና ሦስት እጥበት በኋላ ጭረቱ ይመለሳል። ከመክፈልዎ በፊት የትኛው እንደሆነ ይጠይቁ።

ከደረቀ በኋላ ነጭ ነጠብጣብ ቀረ

ውሃው ተንኖ ማዕድኑ ቀርቷል። የጉድጓድ ውሃ ብዙ ማዕድን ስለሚይዝ ይብሳል፤ በቀትር ፀሐይ በጋለ ኮፈን ላይ ሲሆን ደግሞ ከመድረቁ በላይ ይጋገራል። አንድ እጅ ነጭ አቸቶ ከአንድ እጅ ውሃ ጋር ቀላቅለው፣ ቀዝቀዝ ባለ ቀለም ላይ፣ በንጹህ ጨርቅ ለአንድ ደቂቃ ያህል ይያዙበትና በብዙ ውሃ ያጥቡት። ለሳምንታት ተትቶ ሽፋኑን ከበላው አቸቶ አይበቃውም፤ ወደ ፖሊሽ ይሄዳል። መከላከያው ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ማጠብና በማይክሮፋይበር ፎጣ ወዲያው ማድረቅ ነው። ፎጣው ይነጠፍና ይነሳ፤ አይፈትጉበት።

ቀለሙ ፈዘዘ፣ ውሃም እንደ ድሮው አይንሸራተትም

ሁለት ነገሮች ተባብረው ነው። አንደኛው ሳሙናው። የልብስ ዱቄት ሳሙና፣ የዕቃ ማጠቢያ ላርጎ፣ ይባስ ብሎም በረኪና፣ ቅባትን ለማውጣት የተሠሩ ስለሆኑ የቀለሙን ሰም ከቆሻሻው ጋር ገፈው ይወስዱታል። በነጭ ጋዝ መወልወልም ለአንድ ቀን ያብረቀርቃል፤ በማግስቱ አቧራ ይሰበስባል፣ የበሮቹን ጎማም ያበላሻል። ሁለተኛው ፀሐይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። አየሩ ቀዝቀዝ ስላለ አናስተውለውም እንጂ ቀለሙ ከቆላው መኪና የበለጠ ጨረር ይቀበላል።

ሳሙናውን በመኪና ሻምፑ ይቀይሩ። ከዚያ ሰም ይቀቡ፤ ጥሩ ሰም ሁለትና ሦስት ወር ይቆያል። ሴራሚክ ሽፋን፣ ማለትም ቀለሙ ላይ ተቀብቶ የሚጠነክረው ፈሳሽ፣ ዓመታት ይቆያል፣ ውሃና አቧራ በቀላሉ ይለቅለታል፣ ነገር ግን ጠጠር አይመክትም። ደግሞም ጭረት ባለበት ቀለም ላይ ከተቀባ ጭረቱን ከሥሩ አሽጎ ያስቀረዋል፤ ስለዚህ ፖሊሽ ይቀድማል። ጠጠርን የሚመክተው ቀለሙ ላይ የሚለጠፈው ግልጽ መከላከያ ፕላስቲክ ነው። ውድ ነው፤ አቅም ካልፈቀደ ኮፈኑና የፊት ፓራውልቱ ብቻ ቢለብሱም ዋጋ አለው።

ታጥቦ ንጹህ ነው፣ ግን ሲዳሰስ ይሻክራል

እጅዎን ስስ ፌስታል ውስጥ ያስገቡና የታጠበውን ኮፈን በቀስታ ይዳስሱት። በባዶ እጅ ለስላሳ የነበረው በፌስታሉ ውስጥ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሰማል። ነጭ መኪና ከሆነ ጠጋ ብለው ቢያዩ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ቡናማ ነጥቦች ያገኛሉ፦ ቀለሙ ውስጥ የተሰካ የብረት ብናኝ ነው፣ ዝጓል። ግንባታ አጠገብ የሚያድር መኪና፣ ብረት ሲቆረጥና ሲበየድ ከሚበተነው ብናኝ ይህ አይቀርለትም። በጨርቅ አይፈግፍጉት። የብረት ማስለቀቂያ ፈሳሽ ሲረጩበት ብናኙን አግኝቶ ወይን ጠጅ ቀለም እያወጣ ይወርዳል፤ የቀረውን ለቀለም ማጽጃ የተሠራው ጭቃ መሰል ማስቲካ በሻምፑ ውሃ እየረጠበ ይለቅመዋል። ከዚያ በኋላ ሰም ግድ ነው።

የወፍ ኩስ፣ ሙጫ፣ ሬንጅ፣ ሲሚንቶ

ዛፍ ሥር ያደረ መኪና ላይ ጋጋኖ የጣለው ኩስ በፀሐይ ከዋለ ሽፋኑን ይበላል፤ ከእርግብ ይልቅ መጠኑም ብዙ ነው። እርጥብ ሶፍት ያልብሱት፣ አምስት ደቂቃ ይቆይ፣ ከዚያ አንስተው ያጥቡት። የደረቀ ኩስ ውስጥ ጠጠር ስላለ አይፋቅም። የጥድና የባሕር ዛፍ ሙጫ በአልኮል የረጠበ ጨርቅ ይለቃል። ለሬንጅ ጥቂት ነጭ ጋዝ በጨርቅ ይበቃል፤ ቦታው ግን ወዲያው በሻምፑ ይታጠብ።

ሲሚንቶ ከሁሉም ይከፋል። ከጫኝ መኪና የተረጨው እርጥብ ሲሚንቶ እስኪደርቅ አይጠብቁ። ከደረቀ በአቸቶና ውሃ የራሰ ጨርቅ አልብሰውት እየደጋገሙ ያላሉት። በጥፍርም ሆነ በምላጭ ከነኩት ቀለሙ አብሮ ይነሳል።

ከታጠበ በኋላ ቻርጅ አልቀበልም ይላል

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደነግጣል። ባትሪው ብዙውን ጊዜ የታሸገ ነው፤ በርካታ አምራቾች አይፒ 67 የሚባለውን ደረጃ ይሰጡታል፤ ይህም በ1 ሜትር ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ መቆየት ማለት ነው። ዝናብም ተራ እጥበትም አይጎዳውም። ቻርጅ የከለከለው በአብዛኛው መሰኪያው ውስጥ የቀረ እርጥበት ነው። የግፊት ማሽኑ በቅርበት ክዳኑ ላይ ተይዞ ነበር፣ ወይም ክዳኑ አልገጠመም ነበር። መኪናው እርጥበቱን አይቶ ራሱን ጠብቋል እንጂ አልተበላሸም።

የመሰኪያውን ክዳን ከፍተው በጥላ ስር ያቆዩት፤ አንድ ሁለት ሰዓት ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። ገመዱ ጫፍ ላይም ውሃ ካለ ወደ ታች አድርገው ያራግፉት። ጨርቅ፣ እንጨት፣ በተለይም ብረት ወደ ቀዳዳዎቹ አያስገቡ፤ የጋለ የፀጉር ማድረቂያም አይጠቀሙ። አንድ ሌሊት ደርቆም ካልተቀበለ፣ ወይም አረንጓዴ ዝገትና የመቃጠል ምልክት ካዩ፣ ወደ ባለሙያ ነው። ቻርጅ ላይ የተሰካ መኪና አይታጠብ።

ላቫጆ ሲገቡ ከመኪናው አይራቁ። አጣቢዎቹ በአሮጌ መኪና እንደለመዱት ኮፈን ከፍተው «ሞተሩን እንጠብልህ?» ይላሉ። የኤሌክትሪክ መኪና ኮፈን ሥር ማሽን የሚያጥበው ነገር የለም፤ ብርቱካናማ ገመዶቹ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያስተላልፉ ናቸው። አቧራውን በረጠበ ጨርቅ ክዳኖቹ ላይ ብቻ ማበስ ይበቃል። ከሥርም ናፍጣ አይረጭ፤ ጭቃው በቱቦ ውሃ ይወርዳል። መኪናው በክሪክ የሚነሳ ከሆነ አምራቹ ባመለከተው ነጥብ እንጂ በባትሪው ሆድ አይደገፍ። የማሽኑ አፈሙዝ ከቀለሙ ቢያንስ ግማሽ ሜትር፣ ከካሜራዎችና ከፓርኪንግ ዳሳሾች (ሴንሰሮች) ደግሞ ከዚያም ይራቅ።

ሲታጠብ የኋላ በሩ በራሱ ይከፈታል፣ የዝናብ መጥረጊያው ይነሳል

ቁልፉ ኪስዎ ውስጥ ሆኖ አጠገቡ ቆመዋል። በእግር ምልክት የሚከፈት የኋላ በር ያላቸው መኪኖች፣ ከፓራውልቱ ሥር የሚፈስ ውሃ እግር ይመስላቸዋል። ቁልፉን ጥቂት ሜትሮች ራቅ ያድርጉ፣ የዝናብ ዳሳሹን ያጥፉ። አንዳንድ መኪኖች ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚዘጋ የእጥበት ሁነታ (ሞድ) አላቸው። ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና ሆኖ ማሳያው በቻይንኛ ከሆነ፣ ማሳያውን በስልክ ካሜራ ተርጉመው ሁነታውን አንድ ጊዜ ያግኙና ቦታውን ያስታውሱ።

በማግስቱ ጠዋት ፍሬኑ ይንኳኳል፣ ይጮኻል

ኤሌክትሪክ መኪና ፍጥነቱን በአብዛኛው የሚቀንሰው በሞተሩ ነው፤ ጉልበቱን ወደ ባትሪ ይመልሳል፣ የፍሬን ሸራው እምብዛም አይሠራም። ስለዚህ ታጥቦ እርጥብ የቆመ መኪና የፍሬን ዲስክ በአንድ ሌሊት ስስ ዝገት ያወጣል። ከታጠበ በኋላ ሳያቆሙት ሰፈር ውስጥ ዞር ይበሉና፣ ኋላ መኪና አለመኖሩን አይተው፣ ፍሬኑን ደጋግመው ለስለስ አድርገው ይርገጡ፤ ዲስኩ ይሞቃል፣ ይደርቃል። የጠዋቱም ጩኸት በተወሰኑ መርገጦች ይጠፋል። ካልጠፋ፣ ወይም መሪው ከተንቀጠቀጠ፣ ዲስኩ ይታይ።

የፋብሪካው ነጭ ፕላስቲክ አልላቀቅ አለ

በመርከብና በጅቡቲ በኩል የመጣ መኪና ኮፈኑና ጣሪያው ላይ ነጭ መሸፈኛ ይዞ ይደርሳል። አዲስነቱ እንዲታወቅ ብለው ለወራት የሚተዉት አሉ፤ ማጣበቂያው ግን በፀሐይ ይጋገራል፣ ጠርዙ ሥር አቧራና ውሃ ይገባል፣ ሲነሳም የመስመር ምልክት ይቀራል። በመጀመሪያው ሳምንት ያንሱት። የደረቀውን ለብ ባለ ውሃ አሙቀው፣ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ኋላ አጥፈው፣ በዝግታ ይሳቡት። የቀረውን ሙጫ አልኮል ያነሳዋል፤ ከዚያ የመጀመሪያውን ሰም ይቀቡት።